የምኑ ኩባያ?

ኩሽና ከሚገባ ወንድ ሁሉ አደገኛው ሚዛን የገዛው ነው። ምንም የማያውቀው ይጠይቃል፤ ትንሽ የሚያውቀው እየቀመሰ ይሄዳል፤ ሚዛን የገዛው ግን አይጠይቅም፣ አይቀምስም... ቁጥሩን እያየ ይገፋበታል። ይህን ከሰው ሰምቼ አይደለም የምነግራችሁ። ባለፈው ሰሞን እዚሁ ናይሮቢ፣ ኪሌሌሽዋ ባለው ቤታችን፣ ቁጥሩን እያየሁ የገፋሁበት ሰው እኔው ነኝ።

ስለ ሥራዬ ካልነገርኳችሁ ጉዱ በደንብ አይገባችሁም። የምተዳደረው በአየር ጭነት ነው። መሃል ከተማ ባለች ጠባብ ቢሮ ውስጥ ሰዎች ወደ አዲስ አበባ የሚልኩትን ካርቶን እቀበላለሁ። በእኛ ሥራ ትልቁ ችሎታ ደግሞ ምን እንደሆነ ታውቃላችሁ? ይዘትን ወደ ክብደት መለወጥ። አውሮፕላን ውስጥ ክብደቱም ቦታውም ስለሚታሰብ፣ አንዱ ስፖንጅ የሞላበት ትልቅ ካርቶን ተሸክሞ መጥቶ «ቀላል እኮ ነው» ሲለኝ፣ ርዝመቱን በወርዱ፣ በቁመቱ አባዝቼ፣ አካፍዬ፣ ቀላል እንዳልሆነ አሳየዋለሁ። ሰውዬው ይበሳጫል። «ትንሽ እኮ ነው» ብሎ የሚስማር ካርቶን ለሚያመጣው ደግሞ በትዕግሥት፣ የስፖንጅ ካርቶንና የሚስማር ካርቶን ይዘታቸው አንድ ቢሆንም ክብደታቸው አንድ እንዳልሆነ አስረዳዋለሁ። ይህን ለዓመታት ያስረዳሁ ሰው ነኝ። እንግዲህ ፍረዱኝ።

ነገሩ የጀመረው በልጃችን በሳሮን ነው። ሳሮን ናይሮቢ ተወልዳ እዚሁ ያደገች፣ አሁን ሥራ የያዘች ልጅ ናት። ብራያን የሚባል፣ በቤተ ክርስቲያን መዘምራን መሃል ያገኘችው ኬንያዊ ወጣት ሊያገባት ይፈልጋል፤ እሷም ትፈልጋለች። እኔም ልጁን እወደዋለሁ። አባትና እናቱን ግን አይተናቸው አናውቅም ነበር። ከናይሮቢ ራቅ ባለችው ከተማ፣ ናኩሩ ነው የሚኖሩት። ሽማግሌና ጥሎሽ የሚባለው ነገር ከመምጣቱ በፊት አንድ ቅዳሜ መጥተው ሊተዋወቁን ተስማማን።

ብራያን በፋሲካ እኛ ቤት ድፎ ዳቦ በልቶ ነበር። በልቶ ብቻ ቢተወው ጥሩ... ለእናቱ የመኪና ጎማ የሚያህል ዳቦ እንዳየ፣ አባት ተነስቶ ጸልዮ እንደሚቆርሰው፣ ፍርፋሪው እንኳ መሬት እንደማይወድቅ አጋንኖ ነገራት። እናቱም በስልክ ለሳሮን ያን ዳቦ ለማየት እንደጓጓች ነገረቻት። ዳቦው የግድ ሆነ ማለት ነው።

ባለቤቴ አስቴር ነርስ ናት። ያን ቅዳሜ ጠዋት ተረኛ ስለነበረች፣ ዳቦውን ከቤተ ክርስቲያናችን ከምትጋግር አንዲት እህት እንዘዝ አለች። አይሆንም አልኩ። ለምን? ሚዛን ገዝቼ ነበራ። ከመስታወት የተሠራች፣ እንደ መጽሐፍ የሳሳች፣ ግራም እየቆጠረች የምታበራ የኩሽና ሚዛን። ከገዛኋት ጀምሮ ሽንኩርቱንም፣ የሻይ ስኳሩንም፣ የሳሮንን ስልክም መዝኛለሁ። አስቴር አንድ ቀን ትራሴንም ትመዝናለህ ብላኛለች።

እውነቱን ንገረን ካላችሁኝ ግን የሚዛኗ ነገር ሰበብ ነው። ፈርቼ ነበር። ከብራያን አባት ጋር ምን እንደማወራ አላውቅም። ስዋሂሊዬ ከገበያና ከማታቱ ታክሲ አልፎ አይሄድም፤ እንግሊዝኛዬን የሚሰሙ ሰዎች ደግሞ የጭነት ወረቀት የማነብላቸው ይመስላቸዋል። ልጄን የሚወስድ ቤተሰብ ፊት ዝም ብዬ ከምቀመጥ፣ እኔ በእጄ የጋገርኩት ዳቦ ቢናገርልኝ ብዬ አሰብኩ።

ዓርብ ማታ አስቴር የሥራ ልብሷን እየተኮሰች አሠራሩን ነገረችኝ። ዱቄት አሥራ ሁለት ኩባያ፣ ለብ ያለ ውሃ አምስት ኩባያ፣ ዘይት ግማሽ ኩባያ፣ እርሾ፣ ጨው፣ ጥቁር አዝሙድ፣ ኮረሪማ። የሙዝ ቅጠሉን ገዝታ አጥባ አስቀምጣዋለች። የቀረውን እጄ እንደሚነግረኝ ገለጸችልኝ። እጄ እስከዛሬ ምንም ነግሮኝ እንደማያውቅ ነገርኳትና አንዱ ኩባያ ስንት ግራም እንደሆነ ጠየቅኋት።

ካውያውን አስቀምጣ አየችኝ። «ኩባያ ኩባያ ነው። በኩባያው ስፈር፣ ሚዛኑን ተወው» አለችኝ።

እሺ አልኩ። የልቤን ግን በልቤ ያዝኩ።

ቅዳሜ ጠዋት አስቴር ወደ ሆስፒታል፣ ሳሮን ፀጉሯን ልትሠራ ሄዱ። ቤቱ ለእኔና ለሚዛኔ ቀረ። ሽርጥ አደረግኩ። ኩባያውን ሚዛኗ ላይ አስቀምጬ ቁጥሩን ወደ ዜሮ መለስኩ። ከዚያ ኩባያውን ከቧንቧ ጢም አድርጌ ሞላሁት። ሁለት መቶ ሃምሳ ግራም! ሳይጨምር፣ ሳይቀንስ። ደስ አለኝ። ኩባያ ሁለት መቶ ሃምሳ ከሆነ አሥራ ሁለቱ ሦስት ኪሎ ነው። ሂሳቡን ለልጅ ብትሰጡት ይሠራዋል።

ቁም ሳጥኑን ስከፍት አስቴር የገዛችው ዱቄት አንድ ባለ ሁለት ኪሎ ፓኬት ብቻ ሆኖ አገኘሁት። ሳቅኩባት። ይኼን ሁሉ ዓመት ዳቦ ስትጋግር የኖረች ሴት፣ ሦስት ኪሎ ለሚፈልግ ዳቦ ሁለት ኪሎ ትገዛለች! በሰው ስህተት እንዲህ ተደስቼ አላውቅም። ወርጄ ከመንገዱ ማዶ ካለችው ሱቅ ሌላ ፓኬት ኡንጋ፣ ዱቄት መሆኑ ነው፣ ገዛሁ። ባለሱቋ ዛሬ ቻፓቲ ነው ወይ ብላ ጠየቀችኝ፤ ከዚያ የሚበልጥ ነገር እንደሆነ ነግሬያት ተመለስኩ።

ሦስት ኪሎ ዱቄት መዘንኩ። አምስት ኩባያ ውሃ መዘንኩ። ዘይቱን፣ እርሾውን፣ ቅመሙን ጨመርኩና እጄን ሰደድኩ።

መጀመሪያ አሸዋ ነበር። ቆይቶ ጠጠር ሆነ። ሲታሽ ይያያዛል ብዬ ቀጠልኩ፤ በመጨረሻ ተያያዘ፣ ግን እንዴት ያለ መያያዝ መሰላችሁ... ስገፋው ሊጡ ባለበት ቆሞ ጠረጴዛው ወደ ፍሪጁ ይሄዳል። ጠረጴዛውን በጉልበቴ ደግፌ ማሸቴን ቀጠልኩ። ላቤ ግንባሬ ላይ ወረደ። እኔ ካርቶን ሳነሳ የኖርኩ ሰው ነኝ፤ እንደዚያ ቀን ክንዴ ዝሎ አያውቅም።

ትንሽ ውሃ ጠብ ላድርግበት የሚል ሐሳብ መጥቶልኝ ነበር። ሚዛኗን አየኋት። ዱቄቱ ልክ ነው። ውሃው ልክ ነው። እንግዲህ ጥፋት ካለ የሊጡ ነው ብዬ ሐሳቡን ተውኩት። አስቴር ጋ ደወልኩ፤ በሥራ ሰዓት ስልኳ ሳጥን ውስጥ ስለሆነ አላነሳችም። ሊጡን በሰፊ ድስት አድርጌ፣ ሸፍኜ፣ ፀሐይ የሚገባበት መስኮት ሥር አስቀመጥኩት። ኩፍ እስኪል ቁጭ ብዬ ጠበቅኩ። ጨርቁን ገለጥ እያደረግኩ አየዋለሁ። እንዳስቀመጥኩት ነው። እንዲያውም በጣቴ የነካሁበት ምልክት እንኳ አልጠፋም።

ሳሮን ፀጉሯን አሳምራ ስትመለስ እዚያው መስኮት ሥር አገኘችኝ። ጨርቁን አንስታ በጥፍሯ መታ መታ አደረገችው። ድምፅ አለው።

«ዳዲ፣ ዚስ ኢዝ ኖት ሊጥ» አለች።

እናቷ ያለችውን በትክክል እንደሠራሁ አስረዳኋት። ሂሳቡንም ነገርኳት፤ ኩባያው ሁለት መቶ ሃምሳ፣ በአሥራ ሁለት...

«የምኑ ኩባያ?» አለችኝ።

«እንዴት የምኑ?»

«ሁለት መቶ ሃምሳ ያለህ፣ የምኑ ኩባያ ነው?»

የውሃ ነው አልኳት። ያንኑ ኩባያ አደረቀችና ከተረፈው ዱቄት ሞልታ፣ ከላዩ በቢላዋ ጠርጋ፣ ሚዛኔ ላይ አስቀመጠችው። ሚዛኗ አንድ መቶ አርባ አለች። ሁለታችንም ቁጥሩን አየነው። እኔ ረዘም ላለ ጊዜ አየሁት። የስፖንጁ ካርቶን፣ የሚስማሩ ካርቶን፣ ያስከፋኋቸው ደንበኞች ሁሉ በዓይኔ ላይ ሄዱ። ለአምስት ኩባያ ውሃ የሚበቃው ዱቄት ሁለት ኪሎ እንኳ አይሞላም፤ እኔ ሦስት ኪሎ ጭኜበታለሁ። አስቴርም አንድ ፓኬት የገዛችው ሂሳብ ስለማትችል አልነበረም።

በዚህ መሃል አስቴር ከሥራ ገባች። የሥራ ልብሷን እንኳ ሳታወልቅ ወደ ድስቱ ሄደች። እኔ ቀደም ብዬ ሊጡ እያረፈ እንደሆነ ነገርኳት።

በጣቷ ጫነችው። ጣቷ አልገባም። ሌላ ቦታ ጫነችው። ከዚያ በሥራዋ እንደለመደችው ቀስ ብላ ጨርቁን መልሳ አለበሰችው።

«እያረፈ አይደለም፤ አርፏል» አለች። «እግዚአብሔር ያጽናህ።»

ሳሮን ፊቷን ወደ ግድግዳ አዞረች። ትከሻዋ ይንቀጠቀጥ ነበር።

ውሃ ጨምረን እናድነው ብዬ ለመንኩ። አስቴር ለዚህ ሁሉ ዱቄት የሚበቃ ውሃ ከተጨመረ ሊጡ ኦቭናችን ውስጥ እንደማይገባ፣ ቢገባም ኩፍ እስኪልና እስኪበስል እንግዶቹ መጥተው እንደሚሄዱ ነገረችኝ። ለዳቦ ጋጋሪዋ እህት እንደውል ስንባባል የበሩ ስልክ ጮኸ። ዘበኛው ነው። «ዋጌኒ ዋሜፊካ» አለኝ። እንግዶች መጥተዋል።

የናኩሩ መንገድ ይጨናነቃል ብለው ፈርተው ካሰቡት ቀድመው ተነስተው ነበር፤ መንገዱ ደግሞ ያን ቀን ሊያዋርደኝ ፈልጎ ባዶ ሆኖ ዋለ።

የብራያን አባት ቀጭን፣ ረጅም ሰው ናቸው። የትምህርት ቤት ርዕሰ መምህር ሆነው ነው ጡረታ የወጡት። እዚህ አገር ወላጅ በልጁ ስም ይጠራልና ባባ ብራያን ልበላቸው፤ እሳቸውም ባባ ሳሮን ይሉኛል። ግራጫ ሙሉ ልብስ ለብሰው፣ ክራባታቸውን አንገታቸው ድረስ አጥብቀው፣ የሶፋው ጫፍ ላይ ተቀመጡ። እኔም የእኔው ሶፋ ጫፍ ላይ ተቀመጥኩ። እጄ ላይ የደረቀ ዱቄት ስላለ ጉልበቴ መሃል ደበቅኩት። ስለ መንገዱ አወራን። ስለ ዝናቡ አወራን። ከዚያ ወደ መንገዱ ተመለስን። ብራያን አንዴ እኔን፣ አንዴ አባቱን ያያል።

የብራያን እናት፣ ማማ ብራያን፣ ግን አልተቀመጡም። አስቴር እንግዳ ኩሽና አይገባም ብላ ብትለምናቸውም፣ ሌላ ሴት ስትሠራ ቁጭ ብለው እንደማያውቁ ተናግረው ተከትለዋት ገቡ። ቀጥሎ አንድ ከባድ ነገር ጠረጴዛ ላይ ሲቀመጥ ተሰማ። ቀጥሎ ጥያቄ፣ ቀጥሎ የአስቴር ድምፅ፣ በመሃሉ «ባባ ሳሮን» የሚል... ከዚያ ሁለቱ ሴቶች መሳቅ ጀመሩ። ሳቁ ሊያልቅ ሲል ሳሮን አንድ ነገር ትጨምርበታለች፣ እንደገና ይነሳል።

ባባ ብራያን ወደ ኩሽናው አዩና ወደ እኔ ዞሩ። ምን እንደተፈጠረ በእርጋታ ጠየቁኝ። የርዕሰ መምህር አጠያየቅ ነው፤ መዋሸት አይቻልም። እጄን ከጉልበቴ መሃል አውጥቼ ሁሉንም ነገርኳቸው። ኩባያውን፣ ውሃውን፣ ሦስት ኪሎውን፣ ለኑሮዬ ምን እንደምሠራም ጭምር።

አልሳቁም። የራሳቸውን ነገሩኝ። እዚህ አገር ገበያ ላይ እህል የሚሰፈርበት ጎሮጎሮ የሚባል ቆርቆሮ አለ። አንድ ጎሮጎሮ በቆሎ ሁለት ኪሎ ነው ይባላል። እሳቸው አዲስ መምህር ሳሉ የእናታቸውን የሱፍ ፍሬ በጎሮጎሮ ሰፍረው፣ እያንዳንዱን ሁለት ኪሎ ብለው ደምረው፣ ጆንያውን ወደ ዘይት መጭመቂያ ይወስዳሉ። እዚያ ሲመዘን ካሰቡት ግማሹን እንኳ አልሞላም። የመጭመቂያውን ባለቤት ገበያተኛው ሁሉ እየሰማ ሌባ አሉት።

«ሱፍ ከበቆሎ እንደሚቀል አላውቅም ነበር ማለት አይደለም» አሉኝ። «ትምህርት ቤት ይህንኑ አስተምር ነበር።»

ያኔ ነው የሳቅነው። እኔ የእኛን ጣሳ ነገርኳቸው። ተሞልቶ ከላዩ ስለሚቆለለውና ስለማይቆለለው ጣሳ፣ ታቹ በመዶሻ ወደ ውስጥ ስለተመታው ጣሳ ስነግራቸው ከሶፋው ጫፍ ወደ ውስጥ ገባ ብለው ተቀመጡ። የጎሮጎሮውም ታች እንደዚያው ይመታል! ሁለት አገር፣ አንድ መዶሻ። በዚያ ወሬ ላይ ሳለን አስቴር ጠራችን።

ኩሽና ውስጥ ውሳኔ ተወስኖ ጠብቆናል። ማማ ብራያን ሊጡን በእጃቸው መርምረው ለቻፓቲ ቂጣም፣ በዘይት ለሚጠበሰው ማንዳዚም እንደማይሆን ፈርደዋል። አስቴር ደግሞ እንዲህ ያለ ደረቅ ሊጥ የሚፈልግ አንድ ነገር ትዝ ብሏታል፤ ዳቦ ቆሎ። ሦስት ኪሎ ዱቄት ዳቦ ቆሎ ለሁለት ሰው ስለማይቻል ሁላችንም እጃችንን ታጥበን ጠረጴዛውን እንድንከብ ታዘዝን።

ባባ ብራያን ኮታቸውን ወንበር ላይ ሰቀሉ። ሊጡን ቆርሰን በመዳፋችን እያንከባለልን እንደ ገመድ አረዘምነው፤ ከዚያ በቢላዋ እንደ ሽምብራ አሳንሰን ቆረጥነው። የባባ ብራያን ቁራጮች በማስመሪያ የተለኩ ይመስላሉ። የእኔዎቹ አንዱ ሽምብራ፣ አንዱ ድንች ነው። ማማ ብራያን ድንቾቹን እየለቀሙ እንደገና ይቆርጧቸዋል። አስቴር ስለ ወሊድ ክፍሉ፣ ማማ ብራያን ስለ ብራያን አወላለድ እያወሩ ነበር። አስተርጓሚ የሚፈልግ ሰው አላየሁም።

ብራያንና ሳሮን ምድጃው ጋ ቆመው ይቆላሉ። እሱ መጥበሻውን ያንቀሳቅሳል፣ እሷ ታማስላለች። ለእሱ በስዋሂሊ እያረረ ነው ትለዋለች፤ ለእኔ በአማርኛ ቁረጥ ትለኛለች፤ ጣቷን ሲያቃጥላት ደግሞ ለራሷ በእንግሊዝኛ ታጉረመርማለች። እሱ ጣቷን ቧንቧ ሥር ያዘላት። ቢላዋዬን አስቀምጬ ትንሽ አየኋቸው። አስቴር ቆም ማለቴን አይታ እጇን ክንዴ ላይ አሳረፈች፤ ከዚያ ሊጥ ሰጠችኝ።

የመጀመሪያው ቀልቶ፣ ጥቁር አዝሙዱ እየሸተተ ሲወጣ ማማ ብራያን አባት የሚጸልየው መቼ ነው ብለው ጠየቁ። የሚቆረስ ዳቦ እንደሌለ ነገርኳቸው። ጸሎቱ ለዳቦው ነው ወይስ ለሰዎቹ ብለው መልሰው ጠየቁኝ። ተነሳሁና በአማርኛ ጸለይኩ፤ ሳሮን ከሥር ከሥር ተረጎመች። አንድ ቦታ ላይ ስለ እሷና ስለ ብራያን ስል መተርጎሙን ተወችና፣ ስሙን የሰማው ብራያን በግምት በእንግሊዝኛ ጨረሰላት። ከዚያ ለእያንዳንዱ በእፍኜ ዘግኜ ሰጠኋቸው። ማማ ብራያን ሁለት እጃቸውን ዘርግተው ተቀበሉኝ።

ዳቦ ቆሎው እንዴት ነበር ካላችሁኝ፣ ጥርስ ይፈልጋል። ባባ ብራያን ማታቱ ማቆሚያ ላይ ከሚሸጠው ኦቾሎኒ ይበልጣል አሉና የቀረውን በኪሳቸው መያዝ ነውር እንደሆነ ጠየቁኝ። ነውር እንዳልሆነ ሳረጋግጥላቸው ሁለቱንም ኪስ ሞሉ።

ሲሄዱ እስከ መኪናቸው ሸኘኋቸው። ክራባታቸው የለም፤ መቼ እንዳወለቁት አላየሁም። ባባ ብራያን እጄን ይዘው ቆዩ።

«ኢትዮጵያውያን ኩሩ ናቸው ብለውን ነበር» አሉኝ። «ከናኩሩ እስከዚህ ድረስ ማማ ብራያን ስለ ክራባቴ ስትነዘንዘኝ ነው የመጣነው። ምን ብዬ እንደማወራዎት ሁለት ሌሊት አስቤያለሁ።»

እኔም እንደዚያው እንደሆንኩ ነገርኳቸው። በደንብ የሰሙኝ አልመሰለኝም፤ ዳቦ ቆሎ እያደቀቁ ነበር።

እነሆ አሁን ሠርጉ ቀርቧል። እዚህ አገር ሠርግ በኮሚቴ ነው የሚሠራው፤ ስብሰባ አለ፣ ሊቀ መንበር አለ፣ ለእያንዳንዱ ሰው ሥራ ይሰጣል። ምግቡ ለአስቴር፣ ኬኩ ለማማ ብራያን ተሰጠ። እኔ እጄን አውጥቼ ድፎውን ልርዳ ስል አስቴርና ማማ ብራያን ተያዩ። ከዚያ ሳሮን ራሷ ሐሳብ አቅርባ፣ ሁለቱ እናቶች ደግፈዋት፣ ከግቢው ውጪ የመኪና ማቆሚያ ኃላፊ ሆኜ በሙሉ ድምፅ ተመረጥኩ። አልተቀየምኩም፤ መኪና ይቆጠራል እንጂ አይሰፈርም። ረዳትም ተመድቦልኛል፤ ባባ ብራያን ናቸው።